የቅርፊት ነዋሪ፦ ድንክ ጌኮና የጌዴኦ ተዳፋት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ዲላን ያገኛል። የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ተዳፋት ወገብ የተቀመጠች ስትሆን፣ መሬቱ ከእርሷ ወደ ምዕራብ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ወደ ግራር ቆላ ይወርዳል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ደግሞ በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በቡሌ በኩል 3,000 ሜትር እስከሚጠጋው ደጋ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ አገር የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቡናው፣ ስለ እንሰቱና ስለ ትክል ድንጋዩ ነው። በዚህ ማስታወሻ ግን ተዳፋቱ የሚታየው በሌላ መለኪያ፣ ማለትም በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ በሚታወቅ፣ ከነጅራቱ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚደርስና መንገደኛ ቢያየው እንኳ የሌላ እንስሳ ግልገል በሚመስለው የእንሽላሊት ወገን፣ በድንክ ጌኮ ልክ ነው።

ጌኮ የሚባሉት እንሽላሊቶች ከሌሎቹ የሚለዩባቸው ጠባዮች ጥቂት ቢሆኑም ግልጽ ናቸው። አብዛኞቹ የሚከደን የዐይን ቆብ የላቸውም፤ ዐይናቸውን የሚሸፍነው እንደ መስተዋት የጠራ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ አቧራ ሲያርፍበት በምላሳቸው ልሰው ያጠሩታል። ብዙዎቹ ከጣቶቻቸው ሥር የሚጣበቅ ምንጣፍ ስላላቸው ልስልስ ግድግዳ ላይ ይወጣሉ፣ በጣሪያም ላይ ተገልብጠው ይሄዳሉ፤ ከሌሎች እንሽላሊቶች በተለየም ብዙዎቹ ድምፅ ያሰማሉ። የኢትዮጵያ ከተሜ የሚያውቀው ጌኮ በአመዛኙ የሌሊቱ ነው፤ ሲመሽ በመብራት ዙሪያ በሚሰበሰቡ የእሳት ራቶችና ትንኞች ምክንያት ከስንጥቁ ወጥቶ ግድግዳ ላይ የሚያደባው፣ ሄሚዳክቲለስ ተብሎ ከሚጠራው ትልቅ ወገን የሚመደበው እንስሳ ነው። የዚህ ወገን አባላት የዐይን ብሌን በቀን ብርሃን ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር እስኪሆን ይጠብብና በጨለማ በሰፊው ይከፈታል። በየቤቱ በመርዛማነት የሚጠረጠርና በመጥረጊያ የሚባረረው ይኸው እንስሳ ቢሆንም፣ በዓለም ላይ መርዝ ያለው ጌኮ እንደሌለ በእርግጠኝነት ይታወቃል።

ድንክ ጌኮ ግን የቀን ነው። ሳይንሳዊ የወገን ስሙ ሊጎዳክቲለስ ሲሆን፣ ይህን ስም በ1864 እ.ኤ.አ. የሰጠው በብሪታኒያ ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ ነው። የዐይኑ ብሌን እንደ ሰው ክብ ነው፤ ይህም በብርሃን ለሚያድን እንስሳ የሚስማማ ነው። የእግሮቹ ውስጠኛ ጣት እጅግ ከመቀነሷ የተነሣ ያለች እስከማትመስል ድረስ ደቅቃለች። ከሌሊት ጌኮዎች በይበልጥ የሚለየው ግን ጅራቱ ነው፤ ከጫፉ ሥር እንደ ጣቶቹ ያለ የሚጣበቅ ምንጣፍ ስላለው ጅራቱ አምስተኛ እግር ሆኖ ያገለግለዋል። ዝርያዎቹ በአፍሪካና በማዳጋስካር ተስፋፍተው ከ70 በላይ ሲሆኑ፣ ጥቂቶች ደግሞ ከአትላንቲክ ማዶ በደቡብ አሜሪካ ይገኛሉ። ወደዚያ የሄዱት ከአፍሪካ እንደሆነ የዘር ሐረግ ጥናት ያመለክታል፤ የመሻገሪያው መንገድም በውቅያኖስ ላይ የተንሳፈፈ ግንድ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል። ውቅያኖስ ለመሻገር ግንድ የበቃው እንስሳ በየብስም ላይ ቢሆን ከግንድ ውጪ እምብዛም የማይኖር መሆኑ አያስገርምም።

የመጣበቁ ነገር ለብዙ ዘመን ተመራማሪዎችን ያከራከረ ነበር። ሙጫ ነው የሚሉ፣ እንደ ዋግምት የሚስብ ነው የሚሉ፣ በጥቃቅን መንጠቆዎች ነው የሚሉ ነበሩ። በ2000 እና በ2002 እ.ኤ.አ. ኬለር ኦተምና ባልደረቦቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በጌኮ ጣት ሥር ያሉት በዐይን የማይታዩ ፀጉሮች ጫፋቸው በመቶ ለሚቆጠሩ እጅግ ደቃቅ ቅርንጫፎች እየተከፈለ ከገጹ ጋር ስለሚቀራረብ፣ በማናቸውም ቁስ አካል ሞለኪውሎች መካከል ያለው ደካማ መሳሳብ ተደምሮ ሰውነቱን ለመሸከም እንደሚበቃ አሳዩ። ምሥጢሩ እንግዲህ በመቀራረብ ላይ ነው። ይህም ማለት ገጹ የሚፈረፈር፣ በአቧራ የተሸፈነ ወይም በየጊዜው የሚላጥ ከሆነ የጌኮው መጨበጫ እዚያው ላይ ይዳከማል፤ ነገሩ ወደፊት ስለ ዛፍ ቅርፊት ሲነሣ ዋጋ ይኖረዋል።

በኢትዮጵያ ስለሚገኙት ዝርያዎች በሰፊው የጻፉት ማልኮልም ላርገንና ስቲቨን ስፖውልስ ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪቶችና ገበሎ አስተኔዎች የሚዘረዝረው መጽሐፋቸው በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ገበሎ አስተኔ የሚባሉት እባብ፣ እንሽላሊት፣ ኤሊና አዞ የሚመደቡበት ክፍል አባላት ናቸው። በአገሪቱ ከሚታወቁት ድንክ ጌኮዎች ሁለቱ ለዚህ ጉዞ ይቀርባሉ። አንደኛው ከኬንያ እስከ ደቡብ ኢትዮጵያ ባለው የግራር ምድር የሚኖረው፣ ኤች. ደብልዩ. ፓርከር በ1936 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የኬንያ ድንክ ጌኮ ነው። ሁለተኛው ባርቦዛ ዱ ቦካዥ በ1873 እ.ኤ.አ. ከጊኒ ቢሳው በመጣ ናሙና የሰየመው፣ ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ የሚዘልቀው፣ በጉሮሮው ላይ ባለው ጥቁር መስመር የሚታወቀው ዝርያ ነው። ሁለቱም ከላይ ሲታዩ ግራጫና ቡናማ ከመሆናቸው የተነሣ ከቅርፊት ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ወንዱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ጉሮሮውን ሲነፋ ከሥሩ ያሉት ጥቁር መስመሮች ይገለጣሉ፣ ይህም ለባላንጣው ማስጠንቀቂያ ነው።

የእነዚህ እንስሳት ማኅበራዊ ኑሮ በአንድ ዛፍ ላይ ተጀምሮ በአንድ ዛፍ ላይ ያልቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ጎልማሳ ወንድ አንድን ግንድ ወይም የግንዱን ሰፊ ክፍል ይይዛል፤ በዚያው ላይ ጥቂት ሴቶችና ግልገሎች ይኖራሉ፣ ሌላ ወንድ ሲመጣ ግን ራሱን እየነቀነቀ፣ ጎኑን እያሰፋና ጅራቱን እያወዛወዘ ይገጥመዋል። ከኋላ እግሮቹ መካከል በተደረደሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚወጣው ሰም መሰል ፈሳሽም የይዞታው ምልክት ነው። ሰው ሲቀርብ በግንዱ ዙሪያ ይዞርና ሁልጊዜ በማዶው በኩል ይሆናል፤ ስለዚህ ሊያየው የሚሻ ተጓዥ አንድ ቦታ ቆሞ ከመጠበቅ በቀር አማራጭ የለውም። ጉንዳን፣ ምስጥ፣ ትናንሽ ዝንብና ሸረሪት ይበላል። ከባላጋራ ጅራቱን በጥሶ ያመልጣል፤ የሚተካው ጅራትም የራሱን የሚጣበቅ ምንጣፍ እንደገና ያበቅላል።

እንዲህ ላለው እንስሳ አንድ ግንድ ምንን ማሟላት እንዳለበት ከዚህ መገመት ይቻላል። ፀሐይ የሚያርፍበት ገጽና ጥላ ያለው ገጽ በአንድነት ያስፈልጉታል፤ ገበሎ አስተኔ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጥ የማያመነጭ በመሆኑ ጠዋት ወደ ምሥራቁ ጎን ወጥቶ መሞቅ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ወደ ጥላው መዞር ይኖርበታል። ነፍሳት የሚመላለሱበት፣ ማለትም ሕይወት ያለው ወይም በከፊል የበሰበሰ እንጨት ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ግን መግቢያ ያስፈልገዋል፤ ቅርፊቱ ከእንጨቱ ጥቂት የተላቀቀበት ስንጥቅ፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ የተወው ጉድጓድ፣ ወይም በነፍሳት የተቦረቦረ ቀዳዳ መኖር አለበት። ይህ ሁሉ በወጣት ዛፍ ላይ አይገኝም። የደን ስፋት በሄክታር የሚለካ ሲሆን፣ ድንክ ጌኮ የሚለካው ግን በቅርፊት ዕድሜ ነው።

ከዲላ ወደ ምዕራብ ወደ አባያ ቆላ ሲወረድ ነገሩ ቀላል ነው። ግራሮቹ ተራርቀው የቆሙ፣ ቅርፊታቸው የተሰነጣጠቀ፣ ቅርንጫፎቻቸው ደረቅ ጉቶ የበዛባቸው ናቸው፤ ጉንዳንና ምስጥም አይጠፋባቸውም፣ ፀሐዩም ከበቂ በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የኬንያ ድንክ ጌኮና ዘመዶቹ በዛፍ ብቻ ሳይወሰኑ በአጥር እንጨትና በጎጆ ግድግዳ ላይም ይኖራሉ፤ የሰው ሠፈር አያስፈራቸውም። ስለ ዱር እንስሳ ሲታሰብ በመጀመሪያ የሚመጣው ሥዕል ከሰው የራቀ ምድረ በዳ ቢሆንም፣ ለእነርሱ የሞተ የግራር አጥርና በሕይወት ያለ ግራር ያላቸው ልዩነት የምግብ መጠን እንጂ የዱርና የመንደር አይደለም።

ከዲላ ወደ ላይ ሲወጣ ግን መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። ከወናጎ ጀምሮ ጎዳናውን የሚከብበው አረንጓዴ ለእንግዳ ዐይን ደን ይመስላል፤ ሆኖም ከግንዶቹ አብዛኞቹ ባለቤት ያላቸው፣ የተተከሉ ወይም ሲበቅሉ የተጠበቁ ናቸው። ይህ ጥምር የደን ግብርና የሚባለው አሠራር ሲሆን፣ በአንድ ማሳ ላይ ዛፍ፣ ቋሚ ሰብልና የምግብ ተክል በተለያየ ከፍታ ተደራርበው የሚለሙበት ነው። በላይ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ቆርች፣ ሾላና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች፣ በመካከል እንሰት፣ ከእርሱ ሥር ቡና፣ በመጨረሻም ጎመንና ቅመማ ቅመም ይገኛሉ። መስለ ነጋሽና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዚህ ተዳፋት የእርሻ ደኖች ውስጥ 58 የእንጨት ተክል ዝርያዎችን የመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህም 86 በመቶዎቹ አገር በቀል ነበሩ። ታደሰ ክጴ የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም አስመልክቶ በ2002 እ.ኤ.አ. በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ሥራ ደግሞ፣ በኢትዮጵያ ገጠር እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖረው ሕዝብ አንዱ የሆነው ጌዴኦ መሬቱን ሳያራቁት እንዴት እንደቆየ በሰፊው የመረመረ ነው።

የዚህ አሠራር አንድ ልማድ ከድንክ ጌኮ አንጻር ሲታይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚልቅ ነው፤ እርሱም መግረዝ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ለቡናው የሚበቃ ብርሃን ለማግኘትና ለማገዶ ሲል የጥላ ዛፉን ቅርንጫፎች ይገርዛል እንጂ ዛፉን ሁሉ አይጥልም። የተገረዘ ብርብራ ከግንዱ በላይ እያቆጠቆጠ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ በየጊዜው የተቆረጡት ቅርንጫፎች ጠባሳም ለትናንሽ እንስሳት ጉድጓድና ስንጥቅ እየሆነ ይከማቻል። ባልተነካ ደን ውስጥ ንፋስና ዕድሜ የሚሠሩትን ሥራ እዚህ መጥረቢያ ይሠራዋል ማለት ይቻላል። የቆርች እሾሃማና ወፍራም ቅርፊት፣ የዋንዛ ግንድ ላይ ወደ ታች የሚወርደው ስንጥቅ፣ የሾላ ግንድ መጋጠሚያና እጥፋት በዚህ ረገድ ሦስት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። እንሰት ግን እንግዳ ማረፊያ ነው፤ ግንድ መሰል አካሉ የቅጠል ኮባዎች የተደራረቡበት በመሆኑ፣ የደረቁት ውጫዊ ኮባዎች እንደ መጋረጃ ተንጠልጥለው ለሸረሪትና ለትንኝ፣ እነርሱን ለሚያድንም ሁሉ መጠለያ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቆርጦ ለቆጮ ስለሚፋቅ ነዋሪው ሁሉ እንደገና ይሰደዳል። ዛፉ የአያት ቤት ቢሆን እንሰቱ የኪራይ ቤት ነው።

ስደት ለድንክ ጌኮ ቀላል አይደለም። ግልገሉ ሲያድግ የአባቱን ግንድ መልቀቅ የሚገደድ ሲሆን፣ በመሬት ላይ የሚሄድባት እያንዳንዷ ሜትር ለእባብ፣ ለዶሮና ለአዳኝ ወፍ የምታጋልጠው ናት። ቅርንጫፎች በተያያዙበት ማሳ ግን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሳይወርድ ሊሻገር ይችላል። የጌዴኦ እርሻ ደን በመንደርና በመንደር መካከል ያልተቋረጠ መሆኑ ከላይ የሚያየውን ተጓዥ በውበቱ ያስደንቀው ይሆናል፤ ለዛፍ ላይ እንሽላሊት ግን ያ መያያዝ በትክክል መንገድ ነው።

ወደ ቡሌ ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ቡና በመጀመሪያ ይሳሳል፣ ከዚያም ይቀራል፣ እንሰቱ ብቻውን ይነግሣል፣ የቀርከሃ ቁጥቋጦም ይታያል። ድንክ ጌኮም በዚህ ከፍታ የሚጠበቅ እንስሳ አይደለም። ምክንያቱ በአዋቂው ብርድ መቻል ብቻ የሚገለጽ ሳይሆን በእንቁላሉ ላይ ይበልጥ ይታያል። ሴቷ በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ሲወጡ ለስላሳ የሆኑት እንቁላሎች አየር ሲያገኛቸው ጠንክረው ነጭ የኖራ ቅርፊት ያበጃሉ፣ ከዛፍ ልጥ ሥር ወይም በስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ብዙ ጊዜም የተለያዩ ሴቶች በአንድ ጥሩ ስንጥቅ እየጣሉ እንቁላሎች ይከማቹበታል። እናቲቱ አትታቀፋቸውም፤ ለወራት የሚያሞቃቸው ግንዱና አየሩ ነው። ስለዚህ አዋቂው በፀሐያማ ሰዓት እየወጣ ቢሞቅ እንኳ፣ ከቅርፊት ሥር ያለው እንቁላል በደጋው ሌሊት ብርድ ሙቀት የሚፈልግበት ሌላ ስፍራ የለውም። በኒውዚላንድ ያሉ ጌኮዎች ለዚህ ችግር ሌላ መፍትሔ አግኝተዋል፤ እንቁላል መጣል ትተው ልጆቻቸውን በሆዳቸው ተሸክመው፣ ፀሐይ ወዳለበት እየወሰዱ፣ በሕይወት ይወልዷቸዋል። የአፍሪካ ጌኮዎች ሁሉ ግን እንቁላል ጣዮች ናቸው። ገበሬው ቡና የሚያቆምበት ከፍታ በውርጭ የተወሰነ መስመር ሲሆን፣ ጌኮ የሚያቆምበትም በራሱ ብርድ የተወሰነ ሌላ መስመር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ባይወድቁም የሚያሰምራቸው እጅ አንድ ነው። ከዚያ በላይ ባለው ደጋ፣ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ፣ ቦታውን የሚይዘው ሌላ ቀርፋፋ አዳኝ፣ እስስት ነው።

የዛፍ ነገር ይህን ያህል ከተባለ ድንጋዩም መታለፍ የለበትም። ጌዴኦ በኢትዮጵያ ትክል ድንጋይ በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በቱቱ ፈላ፣ በጨልባ ቱቲቲና በሳካሮ ሶዶ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ የተጠረቡ ድንጋዮች ቆመዋል፣ ወድቀዋል፣ ከፊሎቹ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ሲሆኑ ረጃጅሞቹ 6 ሜትር ያህል ይደርሳሉ። አባ ፍራንሷ አዛይስና ሮዤ ሻምባር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለውጭው ዓለም ያስተዋወቋቸው እነዚህ ሐውልቶች ለረጅም ጊዜ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ተደርገው ሲቆጠሩ ቆይተው፣ አሸናፊ ዜናና አንድሩ ደፍ በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በሳካሮ ሶዶ ያሉትን ወደ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ወስዷቸዋል። ለእንሽላሊት ሁሉ ግን ድንጋይ ዕድሜው ሳይሆን አቀማመጡ ነው ቁም ነገሩ፤ ጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኘው የቆመ ድንጋይ ነው፣ ሲመሽም ሙቀቱን ዘግይቶ የሚለቅ እርሱ ነው፣ የወደቁት ሐውልቶች ከሥራቸው የፈጠሩት ክፍተትም ለሌሊት ጌኮዎች መልካም መሸሸጊያ ይሆናል። ድንክ ጌኮ የዛፍ ሰው በመሆኑ ይህን ስፍራ ለዘመዶቹ ይተዋል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ለሐውልቶቹ ያላቸው ክብር በዙሪያቸው ያለውን ዛፍ የሚጨምር መሆኑ ግን ለእርሱም ይደርሳል። የጌዴኦ ሥርዓት፣ ሴራ በሚባለው የባህል ሕግና በሶንጎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ እየተጠበቀ፣ ቅዱስ ተብለው የተለዩ የደን ቦታዎች አሉት፤ በእነዚህ ቦታዎች ያሉት ሽማግሌ ዛፎች ከእርሻው ግንዶች ይበልጥ ያረጁ ናቸው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ 45ኛ ጉባኤ በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር፣ የተመዘገበው በባህላዊ ቅርስነት ነው፤ በዚያው ጉባኤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተፈጥሮ ቅርስነት ተመዝግቧል። ለመዝገብ አያያዝ ክፍፍሉ ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ከተገረዘ ብርብራ ቅርፊት ሥር እንቁላል ከሚጥል እንስሳ ጎን ሆኖ ለሚያየው፣ ባህል የቱ ጋ እንደሚያበቃና ተፈጥሮ የቱ ጋ እንደሚጀምር ማሳየት አይቻልም።

ከጌዴኦ በስተደቡብ ያለው ምድር በጌኮ ጥናት ታሪክ ውስጥ አንድ አሳዛኝ ምዕራፍ አለው። ጣሊያናዊው ልዑል ዩጄኒዮ ሩስፖሊ ከሶማሊያ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲጓዝና እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆይቶ፣ በ1893 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ አካባቢ በቡርጂ አቅራቢያ ዝሆን ገደለው። ስብስቡ ወደ አውሮፓ ተልኮ፣ በውስጡ የተገኘው አንድ ጌኮ በ1896 እ.ኤ.አ. በጆርጅ ቡላንዤ እጅ በስሙ ተሰየመ፤ በዚያው ዓመት በስሙ የተጠራችው ውብ ወፍ፣ የሩስፖሊ ቱራኮም፣ የት እንደተገኘች የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልተገኘላት ለአሥርት ዓመታት ስሟ እንጂ አገሯ የማይታወቅ ሆና ቆየች። እንዲህ ያለው ናሙና የአንድ ፍጡር ግማሽ ብቻ ነው። በጠርሙስ አልኮል ውስጥ ያለ ጌኮ የጣቱን ምንጣፍ፣ የጥርሱን ብዛትና የቆዳውን ቅርፊት አደራደር ያሳያል፤ በየትኛው ዛፍ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ ፀሐይ በየትኛው ጎን ሲያርፍ እንደተያዘ ግን አያሳይም። በቅርቡም ቢሆን በ2015 እ.ኤ.አ. ከአዋሽ ሸለቆ አዲስ የሄሚዳክቲለስ ዝርያ ተመዝግቦ በወንዙ ስም መጠራቱ፣ በብዙ መንገደኛ በሚተላለፍበት ሸለቆ እንኳ ገና ያልተሰየመ ጌኮ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል።

አንድ ዝርያ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ ሲኖር ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ታንዛኒያ መሻገር ይበቃል። አርተር ላቭሪጅ በ1952 እ.ኤ.አ. የሰየመው የዊሊያምስ ድንክ ጌኮ፣ ወንዱ ደማቅ ሰማያዊ የሆነው፣ በኡሉጉሩ ተራሮች ግርጌ ባለው የኪምቦዛ ደንና በአካባቢው ብቻ የሚኖር ሲሆን መኖሪያውም ፓንዳነስ የሚባለው ረጃጅም ቅጠል ያለው ተክል ነው። የቀለሙ ውበት በአውሮፓና በአሜሪካ የቤት እንስሳ ገበያ ፈላጊ ስላበዛለት፣ ከታኅሣሥ 2004 እስከ ሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ32,000 የማያንሱ እንስሳት ከደኑ እንደተወሰዱ ተገምቷል፤ ሰብሳቢዎቹም ጌኮውን ለመያዝ ብለው ተክሉን ቆርጠው ይጥሉ ስለነበር ጉዳቱ እጥፍ ሆነ። ንግዱን በጥብቅ የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ውሳኔ የተላለፈው በ2016 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ላይ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ድንክ ጌኮዎች ግራጫነት ከዚህ ዓይነቱ ገበያ ሰውሯቸዋል፤ ዛፍ መራጭ አለመሆናቸውም ሌላው ዕድላቸው ነው።

የእነርሱ ጉዳይ ከገዢ ጋር ሳይሆን ከሰብል ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። የቡና ዋጋ ሲዋዥቅ፣ የቤተሰብ ድርሻም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲጠብ፣ ጫትና ባሕር ዛፍ በተዳፋቱ ላይ ቦታ እያገኙ መጥተዋል። ጫት ፀሐይ ይወዳልና የጥላ ዛፍ እንዲነሣለት ያስገድዳል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ዛፍ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ገና በወጣትነቱ ለማገርና ለምሰሶ ሲሆን፣ የግንዱ ገጽ ልሙጥና በየጊዜው በረጅሙ እየተላጠ የሚወድቅ በመሆኑ እንቁላል ተጥሎበት ለወራት የሚቆይ ስንጥቅ እምብዛም የለውም። ይህን ለገበሬው ነውር አድርጎ ማቅረብ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ በጥቂት ዓመት የሚሸጥ ምሰሶ ለልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል ገንዘብ ሲሆን፣ የብርብራ ጥላ የሚከፍለው ግን በዝግታና በተዘዋዋሪ ነው። እንሽላሊቶችና ወፎች በቡና ላይ ያሉ ነፍሳትን እንደሚቀንሱ በ2006 እ.ኤ.አ. በፖርቶ ሪኮ የቡና እርሻ ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷል፤ ሆኖም በዚያ የተጠኑት አኖሊስ የሚባሉ ሌላ ወገን እንሽላሊቶች ናቸው፣ ያን ውጤት አንሥቶ ለጌዴኦ ድንክ ጌኮ የአገልግሎት ደመወዝ መቁረጥ የችኮላ ሥራ ይሆናል፤ ደግሞም አንድ እንስሳ ግንዱ ላይ እንዲቆይ ለመፍቀድ የግድ ሠራተኛነቱ መረጋገጥ አለበት ማለት ለሰውም ቢሆን ከባድ መመዘኛ ነው።

በጉዞው ላይ ይህን ለውጥ በዐይን መከታተል ይቻላል። ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ዳር ለዳር የተሰለፈ ወጣት ባሕር ዛፍና ከእርሱ ጀርባ የቆመው የተገረዘ አሮጌ ብርብራ በእኩል ይለመልማሉ፤ ከአውቶቡስ መስኮትም፣ መሬቱን ከላይ ከሚያነሣ ሳተላይትም ሲታዩ ሁለቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው፣ በደን ሽፋን ስሌትም ውስጥ አንድ ላይ ሊደመሩ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው ከመኪና ወርዶ ወደ ግንዱ ለሚቀርብ፣ እጁን ቅርፊቱ ላይ ለሚያሳርፍና በማዶው በኩል ያለው ነዋሪ ዞሮ እስኪመጣ ለሚታገሥ ብቻ ነው።